ዲያሎግ ምንድን ነው? (የሁለት ሰው ወሬ ማለት አይደለም)

ሰሞኑን አንድ ተንታኝ በቴሌቪዥን «ዲያሎግ ማለት የሁለት ወገን ንግግር ነው፤ ግቡም መስማማት ነው» አሉ። የያዝኩትን ሻይ አስቀመጥኩት። ዘንድሮ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እንጃ።

የመጀመሪያው ስህተት ቀላል ነው። በግሪክኛ ሁለትን የሚያመለክተው «ዲ» ነው። «ዲያ» ግን «አቋርጦ፣ በመሃል አልፎ» ማለት ነው። ቃሉ ሰው አይቆጥርም።

የሚያናድደኝ ሁለተኛው ነው። ለመስማማት ብለን የምንቀመጥበት ነገርማ በአማርኛ ስም አለው፤ ድርድር ይባላል። ድርድር ላይ ሰጥቼ እቀበላለሁ፣ ሐሳቤን ግን እንዳመጣሁት ይዤው እመለሳለሁ። የግሪኩ ፈላስፋ ፕላቶን በጻፈው ዲያሎግ ላይ ሶቅራጥስ ኤውቲፍሮ ከሚባል ሰው ጋር ስለ ቅድስና ያን ያህል ተነጋግሮ ምንነቱ ላይ ሳይስማሙ ቀሩ። ኤውቲፍሮ «ቸኩያለሁ» ብሎ እብስ አለ። በአዋጅ ቁጥር 1265/2014 የተቋቋመው የአገራችን የምክክር ኮሚሽንም እንግሊዝኛው ዲያሎግ ያለውን «ምክክር» ብሎታል። የሚመካከር ሰው ይመክራል፤ ይመከራልም። ተንታኙ ግን «ማን ምን ያገኛል?» እያሉ ነበር።

የድሮዋን «ውይይት» ታክሲ አስታወሳችኋት? ስሟን ያገኘችው ተሳፋሪ ፊት ለፊት፣ ጉልበት ለጉልበት ገጥሞ ስለሚቀመጥባት ነው። ፈላስፋው ማርቲን ቡበር በ1923 (እ.ኤ.አ.) የጻፈው ለዚህ ይቀርባል። ከፊቴ ያለው ሰው «አንተ» ነው፣ ዕቃ አይደለም። ሚኒባስ ላይ ግን የምናየው የፊተኛውን ሰው ማጅራት ነው። የቴሌቪዥን ክርክራችን ሚኒባስ ነው፤ ሁሉም ለካሜራው ያወራል። ቡበር እንዲህ ያለውን ዲያሎግ መስሎ የቀረበ የብቻ ንግግር ይለዋል።

የጀርመናዊው ፈላስፋ የሀበርማስ ዓይን ደግሞ በሩ ላይ ነው። ማን ተሳፈረ? ማን ቀረ? የሚረታው ጡንቻ ነው ወይስ የተሻለው ምክንያት? እርግጥ እሱ መግባባትን ይፈልጋል። ተንታኙ እሱን ጠቅሰው ቢሆን ዝም ባልኩ። (ያም ቢሆን በግድ የመጣ ስምምነት እሱ ዘንድ አይቆጠርም። አሜሪካዊቷ ፈላስፋ ናንሲ ፍሬዘርም በ1990 እ.ኤ.አ. ሞግታዋለች፤ ሀብታምና ድሃ ልዩነታቸውን እንደሌለ ቆጥረው ስለተነጋገሩ ብቻ እኩል አይሆኑም።)

ሌላው ጀርመናዊ ፈላስፋ ጋዳመር ላይ ስደርስ ታክሲዬ ትበላሻለች። ለእሱ እውነተኛ ውይይትን ማንም አይነዳውም፤ ውይይቱ ነው እኛን ይዞን የሚሄደው። የእኔ ታክሲ ግን ሹፌርም መስመርም አላት። ፒያሳ ብላችሁ ተሳፍራችሁ፣ ሳታስቡት ሽሮ ሜዳ ብትወርዱ ከረዳቱ ጋር ትጣላላችሁ። ጋዳመር ግን ሂሳቡን ከፍሎ ይወርዳል።