ከሃዲው ማን ነበር? የአውስትራሊያ ፓርላማ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ሲነገር የአሜሪካና የጀርመን ታሪክ ይቀድማል። የአውስትራሊያ ፓርላማ እምብዛም አይነሣም። ሆኖም በ1929 እና በ1931 (ዘመኑ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በካንቤራ ሁለት መንግሥታት ተከታትለው ወድቀዋል፤ ሁለቱንም የጣሏቸው በፓርቲያቸው ትኬት ተመርጠው የገቡ ሰዎች ናቸው። ታሪኩ ብዙውን ጊዜ የሚተረከው «አንድ ከሃዲ ነበር» በሚል አጭር አገላለጽ ነው። ድምፅ አሰጣጡን አንድ በአንድ ላየ ሰው ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም።

«ሌበር ፓርቲን ወደ ሥልጣን ያመጣው ድቀቱ ነው»

የጊዜው ቅደም ተከተል ይህን አይደግፍም። ሌበር (የሠራተኞች ፓርቲ) ያሸነፈው ጥቅምት 12 ቀን 1929 ነው፤ ጄምስ ስከሊን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ቃለ መሐላ የፈጸሙት ደግሞ ጥቅምት 22። የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ የተንኮታኮተው ከዚያ በኋላ፣ በዚያው ሳምንት ነው። የሱፍና የስንዴ ዋጋ ቀድሞ መውረድ ጀምሮ ነበር፣ የለንደን አበዳሪዎችም እጃቸውን ሰብስበው ነበር። ሕዝቡ ድምፅ የሰጠው ግን በሌላ ጉዳይ ላይ ነበር፤ የጠቅላይ ሚኒስትር ስታንሊ ብሩስ መንግሥት የፌዴራሉን የአሠሪና ሠራተኛ የግልግል ሥርዓት ከመርከብ ሥራ በስተቀር ለክልሎች ለመተው ያቀረበው ሕግ።

ሕጉን ያከሸፈው ተቃዋሚው ብቻ አይደለም። በመንግሥት ወንበር ላይ የተቀመጡት ቢሊ ሂዩዝ ሕጉ በሕዝበ ውሳኔ ወይም በምርጫ ሳይጸድቅ ሥራ ላይ እንዳይውል የማሻሻያ ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ 35 ለ34 አለፈ፤ ብሩስም ምርጫ ጠሩ። ሂዩዝ የራሳቸው ቂም ነበራቸው፤ በ1923 ከጠቅላይ ሚኒስትርነት ተነሥተው ቦታው ለብሩስ የተሰጠው ያለ ፈቃዳቸው ነው።

በዚያ ምሽት ከሂዩዝ ይልቅ የሚያስገርሙት አፈ ጉባኤው ሊትልተን ግሩም ናቸው። ሕጉ በኮሚቴ ደረጃ ስለሚታይ እንደ ማንኛውም አባል ድምፅ መስጠት ይችሉ ነበር። አንድ ድምፅ መንግሥቱን ታድነው ነበር። እርሳቸው ግን «አፈ ጉባኤ ገለልተኛ ነው» ብለው እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ብሩስ በ1925 ከጠቅላይ ዐቃቤ ሕግነት እንዳነሷቸው ለሚያውቅ ሰው ገለልተኛነቱ ትንሽ ፈገግ ያሰኛል። ምርጫው ሲመጣ ብሩስም ግሩምም የራሳቸውን ወንበር አጡ።

«ሌበር አብላጫ ስለነበረው የፈለገውን ማድረግ ይችል ነበር»

በታችኛው ምክር ቤት ከ75 ወንበሮች 46 ነበሩት። የ1929ኙ ምርጫ ግን ሴኔቱን አልነካም፤ እዚያ ሌበር ከ36 መቀመጫዎች የነበረው 7 ብቻ ነው። ገንዘቡ ደግሞ ከሁለቱም ምክር ቤቶች ውጭ፣ በሰር ሮበርት ጊብሰን በሚመራው የኮመንዌልዝ ባንክ ቦርድ እጅ ነበር። የገንዘብ ሚኒስትሩ ኤድዋርድ ቴዎዶር በ1931 ለሥራ አጦችና ለስንዴ ገበሬዎች የሚውል 18 ሚሊዮን ፓውንድ የወረቀት ገንዘብ ለማሳተም ያቀረቡትን ሕግ ሴኔቱ ጣለው። ከሠራተኛ ማኅበራት አባላት መካከል ሥራ አጡ ወደ 30 በመቶ በተጠጋበት ወቅት መንግሥቱ ሥልጣን እንጂ አቅም አልነበረውም። የፓርቲው መከፋፈል የጀመረውም እዚህ ላይ ነው፤ ማዘዝ ያልቻለ መንግሥት አባላቱን አንድ አድርጎ መያዝ ያቅተዋል።

«ጆሴፍ ላየንስ በአንድ ሌሊት ለሥልጣን ሲል ፓርቲውን ሸጠ»

ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ይህ ነው፤ ግማሽ እውነት ስላለበትም በቀላሉ አይነቀልም።

ላየንስ የታዝማኒያ የሌበር ክልላዊ መንግሥት መሪ የነበሩ የቀድሞ መምህር ናቸው። በ1930 አጋማሽ ቴዎዶር በ«መንጋና» ማዕድን ጉዳይ (የኩዊንስላንድ ክልል መሪ ሳሉ ክልሉ ከገዛው ማዕድን በስውር ተጠቅመዋል በሚል) በቀረበባቸው ክስ ከገንዘብ ሚኒስትርነት ሲለቁ፣ ስከሊንም የብሪታንያ ግዛት አገሮች መሪዎች ለሚገናኙበት ኢምፔሪያል ጉባኤ ወደ ለንደን ሲሄዱ፣ የገንዘብ ሚኒስቴሩ በላየንስ ትከሻ ላይ ወደቀ። በታኅሣሥ የ28 ሚሊዮን ፓውንድ የአገር ውስጥ ዕዳ የመክፈያ ጊዜው ደረሰ። የፓርላማው የሌበር ቡድን ክፍያው ለአንድ ዓመት ይዘግይ ብሎ ወሰነ። ላየንስ እምቢ አሉ፤ ስከሊንም ከለንደን በቴሌግራም ደገፏቸው። ላየንስ አገሪቱን እየዞሩ ዜጎች አዲሱን የቦንድ ብድር እንዲገዙ ቀሰቀሱ፣ ብድሩም ሞላ። እስከዚህ ድረስ የከዳ ሰው የለም፤ ላየንስ የጠቅላይ ሚኒስትራቸውን ትእዛዝ ነው የፈጸሙት።

ስከሊን በጥር 1931 ሲመለሱ ቴዎዶርን ክሳቸው ሳይዘጋ ወደ ሚኒስትርነታቸው መለሷቸው። ላየንስና ጄምስ ፌንተን በተቃውሞ ከካቢኔ ለቀቁ። በመጋቢት ላየንስ መንግሥቱ ላይ በቀረበው የመተማመኛ ድምፅ ከተቃዋሚው ጋር ቆሙ፤ ጥቂት የሌበር አባላትም አብረዋቸው ሄዱ። (ቴዎዶር በነሐሴ በፍትሐ ብሔር ችሎት ነጻ ወጡ። ፓርቲው ግን በዚያን ጊዜ ተበታትኗል።)

ግማሹ እውነት የትኛው ነው? በሜልበርን የአክሲዮን ደላላ የሆኑት ስታኒፎርዝ ሪኬትሰንና ወጣቱ ፖለቲከኛ ሮበርት መንዚስ ያሉበት ቡድን ላየንስን ከልቡ ያባብል ነበር። በግንቦት የተባበሩት አውስትራሊያ ፓርቲ ሲመሠረት የተቃዋሚው መሪ ጆን ሌዘም ቦታቸውን ለቀው መሪነቱን ለላየንስ ሰጡ። ስለዚህ ባለ ገንዘቦች አልተሳተፉበትም ማለት የዋህነት ነው። ሆኖም ላየንስ ገና ሚኒስትር ሳሉ የቆሙበትን አቋም ነው ይዘው የወጡት። በሁለት ቢላዋ የሚበላ ሰው ከሥራው ለቆ ወራት አይጠብቅም።

«መንግሥቱን የጣለው የላየንስ መውጣት ነው»

አይደለም። ላየንስ ከወጡ በኋላ መንግሥቱ ስምንት ወር ቆይቷል። የመጨረሻውን ምት የሰጡት በግራ በኩል ያሉት ናቸው።

በኒው ሳውዝ ዌልስ የክልሉ መሪ ጃክ ላንግ ለእንግሊዝ አበዳሪዎች ወለድ አይከፈል የሚል ዕቅድ ይዘው ተነሡ። በፌዴራል ፓርላማ የእርሳቸውን መስመር የያዙት በጃክ ቢዝሊ የሚመሩት አባላት በዚያው መጋቢት ከሌበር ተለዩ። በሰኔ ስከሊን ከክልል መሪዎች ጋር የተስማሙበትን ዕቅድ ሲያወጡ ቁስሉ ሰፋ፦ የመንግሥት ወጪ በ20 በመቶ እንዲቀነስ፣ የአገር ውስጥ ቦንድ ወለድ በ22.5 በመቶ እንዲወርድ፣ የሽማግሌዎች ጡረታም በሳምንት ከ20 ሽልንግ ወደ 17 ሽልንግ ከ6 ፔንስ ዝቅ እንዲል። «ሌበር ጡረታ አልነካም» የሚሉ ሰዎች ዛሬም ያጋጥማሉ፤ ነክቷል፣ ያሳለፈውም በተቃዋሚው ድምፅ ነው።

ኅዳር 25 ቀን ቢዝሊ ተነሥተው ቴዎዶር በኮካቱ ደሴት የመርከብ ጥገና ሥፍራ የሥራ አጦችን ዕድል ለራሳቸው ደጋፊዎች አድለዋል የሚለው ወሬ ይጣራ አሉ። ወሬው የትንሽ ሰፈር ነበር፤ የገና በዓል ሊደርስ ሲል ለጥቂት ሳምንታት ማን ተቀጠረ የሚል። መንግሥቱ ጥያቄውን እንደ መተማመኛ ድምፅ ቆጠረው። የላንግ ሰዎች «ጡረታ የሚቆርጡ ወግ አጥባቂዎች» እያሉ ከሚያወግዟቸው የላየንስ ሰዎች አጠገብ ቆመው ድምፅ ሰጡ፤ ውጤቱ 37 ለ32። ቢዝሊ ከዚያ በኋላ «ጩቤ ሰኪው ጃክ» የሚል ቅጽል አተረፉ። ለእኔ ከላየንስ ይልቅ ለመረዳት የሚከብደው ይህ ድምፅ ነው። የሚጠሉትን ፖሊሲ በባሰ እንደሚያስፈጽም የሚያውቁትን ወገን ወደ ሥልጣን አመጡ።

በታኅሣሥ 19 ምርጫ ሌበር 14 ወንበር ይዞ ቀረ፣ የላንግ ወገን 4። ቴዎዶር ራሳቸው በላንግ ሰው ተሸነፉ።

«ጎራ የቀየረ ሰው ፖለቲካዊ ዕድሜው አጭር ነው»

ላየንስ ሦስት ምርጫ አሸንፈው በ1939 በሥልጣን ላይ ሳሉ ሞቱ። ቢዝሊ በ1936 ወደ ሌበር ተመልሰው በ1941 በጆን ከርቲን ካቢኔ ሚኒስትር ሆኑ፤ ከርቲን በ1931 ወንበራቸውን ካጡት አንዱ ናቸው። ፌንተን ግን ከላየንስም ካቢኔ በ1932 በታሪፍ ጉዳይ ለቀቁ፣ በ1934ም ተሸነፉ። ሕጉ አባሉ ፓርቲ ሲቀይር ወንበሩን አይነጥቅም ነበር፤ ሁሉም የሚፈረድበት በመራጩ ነው።

«ይህ ሁሉ ኢትዮጵያን አይመለከትም»

በ1935 ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር የላየንስ መንግሥት የመንግሥታቱን ማኅበር ማዕቀብ በሕግ ለማጽደቅ ረቂቅ ይዞ ቀረበ። ሌበር ተቃወመው፤ ከላንግ ወገን ጋር የተጣላው ፓርቲ በዚህ ጉዳይ ከእነርሱ ጋር ተመሳሳይ ድምፅ ነበረው። መንግሥቱን ያሳፈረው ግን እንደገና ቢሊ ሂዩዝ ናቸው። አሁን የላየንስ ሚኒስትር ሆነው ሳለ ባሳተሙት መጽሐፍ የኢኮኖሚ ማዕቀብ ወይ ባዶ ማስፈራሪያ ነው ወይ ጦርነት ነው ብለው ጻፉ። በኅዳር ከካቢኔ እንዲለቁ ተደረገ፣ በየካቲት 1936 ተመለሱ። ማዕቀቡ ነዳጅን ሳይነካ በሐምሌ 1936 ተነሣ። ሂዩዝ በ1901 ከገቡበት ፓርላማ የወጡት በ1952 በሞት ነው።