«ሃናኮ» ምን ማለት ነው? ሁሉም የሚያውቀው፣ ጥቂቶች የሚጠሩበት የጃፓን ስም

በጃፓን አንድ ሰው ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ወይም ወደ ባንክ ሄዶ ቅጽ ሲቀበል፣ እንዴት እንደሚሞላ የሚያሳየውን ናሙና ማየቱ አይቀርም። በናሙናው ላይ፣ የአመልካች ስም በሚሰፍርበት ቦታ፣ ብዙ ጊዜ የሚገኘው «ያማዳ ሃናኮ» የሚል ስም ነው። በጃፓን የቤተሰብ ስም ስለሚቀድም ያማዳ የቤተሰቡ፣ ሃናኮ የሴትዮዋ የራሷ ስም ነው። አመልካቹ ወንድ ከሆነ ቦታውን ያማዳ ታሮ ይይዘዋል። እኛ «እገሌ» እና «እገሊት» ብለን የምናልፋቸውን ሰዎች ጃፓኖች ታሮ እና ሃናኮ ይሏቸዋል።

ሃናኮ የሚለውን ስም የማያውቅ ጃፓናዊ የለም ማለት ይቻላል። ዛሬ ለተወለደች ልጁ ይህን ስም የሚያወጣ ወላጅ ግን እምብዛም አይገኝም። አንድ ስም በሁሉም አፍ ላይ እየኖረ ከሕፃናት ላይ እንዴት ሊርቅ ቻለ? መልሱ ያለው በስሙ የመጨረሻ ፊደል፣ በ«ኮ» ውስጥ ነው። ይህች አንዲት ፊደል ከቤተ መንግሥት ተነሥታ ገበሬው ቤት እስክትገባ ድረስ የተጓዘችው መንገድ ረጅም ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የስሙ መጀመሪያ ቀላል ነው። «ሃና» አበባ ማለት ነው። ሴት ልጁን አበባ ብሎ ለሚጠራ አማርኛ ተናጋሪ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ከመጽሐፍ ቅዱሷ ሐና ጋር ግን ድምፁ ተመሳሰለ እንጂ ዝምድና የለውም፤ የእሷ ስም ዕብራይስጥ ሲሆን ትርጉሙም ጸጋ ነው። በጃፓን «ሃና» ሲባል በሰው ሐሳብ ውስጥ የሚመጣው አበባ እንደ ዘመኑ ይለያያል። በ8ኛው መቶ ዓመት የነበሩ ባለቅኔዎች የቻይናን ፈለግ ተከትለው ከቼሪ ይልቅ ስለ ኡሜ፣ ማለትም ስለ ፕሪም ዓይነቱ ዛፍ አበባ አብዝተው ይገጥሙ ነበር። በኋላ ቼሪው አሸነፈ፤ በግጥም ውስጥ «ሃና» ብቻውን ሲጻፍ የቼሪ አበባ ማለት ሆነ። ዛሬም በየጸደዩ ቤተሰብና የሥራ ባልደረቦች ከዛፎቹ ሥር ምንጣፍ አንጥፈው፣ ምግብና መጠጥ ይዘው የሚውሉበት ልማድ «ሃናሚ» ይባላል፤ አበባ ማየት ማለት ነው። አፍንጫም በጃፓንኛ «ሃና» ነው፤ ጃፓኖች ሁለቱን የሚለዩት በድምፅ አነሣሥና አጣጣል ነው።

ወደ «ኮ» እንለፍ። በካንጂ፣ ከቻይና በተወሰደው የምልክት ጽሕፈት፣ «ኮ» የምትጻፈው «ልጅ» በሚለው ምልክት ነው። ምልክቱ ጥንት እጆቹን የዘረጋ ሕፃን ሥዕል ነበር። በቻይና ግን ትርጉሙ ከዚህም አልፎ የክብር መጠሪያ ሆኗል፤ የኮንፊሺየስ ስም በቻይንኛ ሲጻፍ የሚያልቀው በዚሁ ምልክት ሲሆን እዚያ ላይ «መምህር» የሚል ክብር አለው። ወደ ጃፓን የተሻገረውም ከነክብሩ ነው፤ የተሰጠው ደግሞ ለወንዶች ነበር። በ607 ዓ.ም. ወደ ቻይናው የስዊ ቤተ መንግሥት በመልእክተኛነት የተላከው ሰው ኦኖ ኖ ኢሞኮ ይባላል። በዚያው ዘመን የአገሪቱን ፖለቲካ በእጁ ያደረገው ኃያል መኰንን ሶጋ ኖ ኡማኮ ነው። ሁለቱም ወንዶች ናቸው፤ ሁለቱም በ«ኮ» ያበቃሉ። የዛሬ ጃፓናዊ ተማሪ ኢሞኮ የሚለውን ስም በታሪክ መጽሐፉ ሲያገኝ መጀመሪያ ሴት ቢመስለው አይፈረድበትም።

ከ9ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ግን «ኮ» የንጉሣውያንና የመሳፍንት ሴቶች ምልክት እየሆነች ሄደች። የእቴጌዎቹን ስም በጽሑፍ እናውቀዋለን፤ ነገር ግን የአብዛኞቹን ትክክለኛ አነባበብ ያስቀመጠልን ሰው የለም። አንድ ካንጂ ብዙ ንባብ ሊኖረው ስለሚችል ምልክቱን ማየት ብቻውን ድምፁን አይነግርም። ስለዚህ የታሪክ ጸሐፊዎች በቻይንኛው ዓይነት ንባብ ቴይሺ፣ ሾሺ እያሉ ይጠሯቸዋል፤ በዘመናቸው ሳዳኮ፣ አኪኮ ሳይባሉ አልቀሩም። የሴት ስም ለባዕድ ጆሮ የማይነገር የቅርብ ሰው ጉዳይ ነበር። እቴጌዎቹን ያገለገሉት ስመ ጥር ሴት ጸሐፊዎች ሙራሳኪ ሺኪቡ እና ሴይ ሾናጎን እንኳ የሚታወቁት በቤተ መንግሥት መጠሪያቸው እንጂ በልደት ስማቸው አይደለም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያሳዝነኛል፤ ጽሑፋቸው ሺህ ዓመት ዘልቆ እናታቸው የጠራቻቸው ስም ጠፍቷል።

ተራው ሕዝብ በበኩሉ ለሴት ልጁ አጭር ስም ያወጣ ነበር፦ ሃና፣ ሃሩ (ጸደይ)፣ ማትሱ (ጥድ)፣ ካሜ (ኤሊ)፣ ቶራ (ነብር)። ኤሊና ጥድ ለረጅም ዕድሜ የሚመኙ ስሞች ናቸው። ለአክብሮት ሲፈለግ ከፊት «ኦ» ይጨመራል፤ ኦሃና፣ ኦሃሩ ይባላል። «ኮ» የላይኛው ቤት፣ «ኦ» የታችኛው ቤት ነበሩ ቢባል ብዙም አልተሳሳተም።

ይህን አጥር ያፈረሰው በ1868 የጀመረው የሜይጂ ዘመን ነው። በ1872 አገር አቀፍ የቤተሰብ መዝገብ ተዘረጋ፤ ትንሽ ቆይቶ የቤተሰብ ስም ለሁሉም ግዴታ ሆነ፤ ሴት ልጆችም ትምህርት ቤት ገቡ። የተማሩ ሴቶች በስማቸው ላይ ራሳቸው «ኮ» ይጨምሩ ጀመር። በስድስት ዓመቷ፣ በ1871፣ ለትምህርት ወደ አሜሪካ የተላከችው ልጅ ትሱዳ ኡሜ ትባል ነበር። አድጋ ተመልሳ በ1900 በቶኪዮ የሴቶች የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት መሠረተች፤ በ1902 ደግሞ ስሟን በሕጋዊ መዝገብ ኡሜኮ አደረገችው። ዛሬ ፊቷ ከ2024 ጀምሮ በሚሠራበት የአምስት ሺህ የን ኖት ላይ አለ፤ ስሟም ኡሜኮ ተብሎ ነው የሚጠራው። በ1893 በኮፉ ከተማ የተወለደችው ሌላዋ ሴት ሃና ተባለች። እሷም ለጽሑፍ ሥራዋ ሃናኮ የሚለውን መረጠች፤ ትዳር ከያዘች በኋላ ሙራኦካ ሃናኮ ሆነች። በሬዲዮ ለልጆች ዜና ስታነብ ድምፅዋን የለመዱት፣ ኋላም በ1952 ስለ አንዲት ቀይ ጸጉር ያላት የካናዳ ወላጅ አልባ ልጅ የሚተርከውን ልብ ወለድ በእሷ ትርጉም ያነበቡት ሁሉ የሚያውቋት በዚህ ስም ነው። የእነዚህን ሁለት ሴቶች ታሪክ ሳነብ «ኮ» ለእነሱ ጌጥ ብቻ አልመሰለችኝም። «እኔም የምከበር ሰው ነኝ» ብለው በራሳቸው እጅ የጻፏት ፊደል ናት።

በዚያው ዘመን ስሙ ባሕር ተሻግሯል። ኦታ ሂሳ የተባለች ተዋናይት በአውሮፓ መድረኮች ላይ በሃናኮ ስም ታወቀች። ፈረንሳዊው ቀራፂ ኦጉስት ሮዳን የፊቷን ገጽታ ከሃምሳ በላይ በሚሆኑ ቅርጾች ደጋግሞ ሠርቷል። ለአውሮፓ ተመልካች የጃፓን ሴት መጠሪያ ሆና የቀረበችው ሃናኮ ናት።

የሕይወት መድን ኩባንያው ሜይጂ ያሱዳ የደንበኞቹን ስሞች ከ1912 ጀምሮ ይዞ በደረጃ ያወጣል፤ ጉዞውን በግልጽ የሚያሳየውም ይህ ዝርዝር ነው። በ1912 ከፊት ከተሰለፉት የሴት ስሞች መካከል ቺዮ፣ ሃሩ እና ሃና ነበሩ፤ ገና ያለ «ኮ»። በ1918 የወጣው የመንግሥት የንባብ መጽሐፍም ለአንደኛ ክፍል ልጅ የሚያስተምራቸው የመጀመሪያ ቃላት «ሃና፣ ሃቶ፣ ማሜ፣ ማሱ» ነበሩ፦ አበባ፣ ርግብ፣ ባቄላ፣ መስፈሪያ። እኛ «አበበ በሶ በላ» ብለን ፊደል እንደጀመርነው ነው፤ አበበም ራሱ ከአበባ የወጣ ስም ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ጎርፉ መጣ። ከ1920ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ ድረስ ከዝርዝሩ አናት ያሉት አሥሩም የሴት ስሞች በ«ኮ» ያበቁ ነበር። ካዙኮ፣ ሳቺኮ፣ ዮኮ፣ ኬይኮ፣ ሂሮኮ። ከሁሉም በላይ የነገሠው ካዙኮ ነው። በ1926 መጨረሻ የንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ ዘመን «ሾዋ» ተብሎ ሲሰየም፣ ከዘመኑ ስም ሁለት ምልክቶች አንዱን፣ ሰላምና ስምምነት የሚለውን፣ ወላጆች ለልጆቻቸው ወሰዱት፤ በስም ሲሆን «ካዙ» ተብሎ ይነበባል። በአንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ካዙኮ መገኘቱ የተለመደ ሆነ።

አንድ ክብር ለሁሉም ሲዳረስ ልዩነቱ ይሟሟል። «ኮ»ን ያዳከማት ጥላቻ አይመስለኝም፤ መብዛቷ ነው። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ውበት» በሚለው «ሚ» የሚያበቁ እንደ አኬሚ፣ ናኦሚ እና ማዩሚ ያሉ ስሞች ገቡ። በ1980ዎቹ አጋማሽ «ኮ» ከአሥሩ የደረጃ መሪዎች ፈጽማ ወጣች። ዛሬ የሚወደዱት ሂማሪ፣ ሪን፣ ሜይ እና ሳኩራ ናቸው። አበባው ግን አልሄደም። ሂማሪን ብዙዎች የሚጽፉት ፀሐይንና የአበባ ተክልን በሚያመለክቱ ምልክቶች ነው፤ ሳኩራ ሲባል የሚሰማው የቼሪ አበባ ነው፤ «ሃና» ብቻውን ደግሞ ተመልሶ ተወዳጅ ሆኗል። የወደቀችው «ኮ» ናት። ያልተናጋችው በመነጨችበት ቤት ብቻ ነው፦ በ2001 የተወለደችው የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ አይኮ ትባላለች። ከንጉሣውያኑ ጋር በጋብቻ የተዛመዱት የሂታቺ ልዕልት ሃናኮ ሠርጋቸው መስከረም 30 ቀን 1964 ነበር፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ አበበ ቢቂላ በዚያችው ቶኪዮ ማራቶኑን ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ። የልዕልቲቱ «ሃና» የምትጻፈው ተራውን አበባ በሚያመለክተው ምልክት ሳይሆን ግርማ ባለው ሌላ ምልክት ነው። አንዱን ድምፅ በብዙ መልክ መጻፍ ስለሚቻል ሃናኮ የሚባሉ ሁለት ሴቶች በወረቀት ላይ ፍጹም የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። የስም አነባበብ በቤተሰብ መዝገብ ላይ እንዲሰፍር የሚያዝዘው ሕግ ሥራ ላይ የዋለው በግንቦት 2025 ነው፤ እስከዚያ ድረስ መዝገቡ ምልክቱን እንጂ ድምፁን አያውቅም ነበር።

ሰው ሲተወው ስሙ ሌላ ቦታ ሥራ አገኘ። ታሮን በስሙ የያዘ የጽሑፍ ማቀናበሪያ የኮምፒውተር ፕሮግራም የነበረው ኩባንያ በ1987 የሥዕል ፕሮግራሙን ሃናኮ አለው። በ1988 ለቶኪዮ ወጣት ሠራተኛ ሴቶች የተመሠረተ መጽሔት ሃናኮ ተብሎ ወጣ። በ1980ዎቹ ደግሞ በየትምህርት ቤቱ የሽንት ቤቷ ሃናኮ ወሬ ተዛመተ፦ በሦስተኛው ፎቅ፣ ሦስተኛውን የልጃገረዶች ሽንት ቤት በር ሦስት ጊዜ አንኳኩተው «ሃናኮ፣ አለሽ?» ሲሉ፣ ቀይ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ከውስጥ «አቤት» ትላለች። ልጆች ለሚፈሩት ነገር የመረጡት የማንኛዋም ልጅ ሊሆን የሚችለውን ስም ነው።

እኔን ከሁሉ የነካኝ ግን የዝሆኖቹ ታሪክ ነው። በጦርነቱ ጊዜ በቶኪዮው የኡኤኖ መካነ እንስሳት ከሲያም፣ ከዛሬዋ ታይላንድ፣ የመጣች ሃናኮ የምትባል ዝሆን ነበረች። በ1943 የከተማዋ አስተዳደር፣ ቦምብ ቢወድቅ አደገኛ እንስሳት ያመልጣሉ በሚል ስጋት፣ እንዲገደሉ አዘዘ። ሃናኮ እና ሁለቱ ጓደኞቿ በረሃብ እንዲሞቱ ተደረገ። ከጦርነቱ በኋላ የቶኪዮ ልጆች ዝሆን ለማየት በባቡር እስከ ናጎያ መጓዝ ነበረባቸው። በ1949 ከታይላንድ የሁለት ዓመት ግልገል በስጦታ ስትመጣ ልጆቹ ስም እንዲመርጡላት ተጠየቁ። የመረጡት የሞተችውን ስም ነው።

ሁለተኛዋ ሃናኮ በ1954 ወደ ኢኖካሺራ መናፈሻ ተዛወረች። ኑሮዋ ቀላል አልነበረም። በ1956 ሌሊት ወደ ማደሪያዋ የገባ ሰው፣ በ1960 ደግሞ ጠባቂዋ በእሷ እግር ሥር ሞቱ፤ በሰንሰለት ታሰረች፣ ከሳች። ከዚያ የተረከባት ጠባቂ ሰንሰለቷን ፈትቶ፣ ለ30 ዓመት ያህል አብሯት ኖሮ የሰው እምነቷን መለሰላት። በስተርጅና ጥርሶቿ ሲያልቁ ምግቧ እየተፈጨ ይቀርብላት ነበር። በግንቦት 26 ቀን 2016 በ69 ዓመቷ ሞተች። በቀጣዩ ዓመት በአቅራቢያው ባለው በኪቺጆጂ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት የነሐስ ሐውልት ቆመላት፤ ዛሬ በዚያ ሰፈር የሚቀጣጠሩ ሰዎች «ሃናኮ ጋ እንገናኝ» ይባባላሉ።