ካርበን ናኖፋይበር፦ ለሴንሰር የሚፈተለው ከሰል

ካርበን ናኖፋይበር ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 200 ናኖሜትር የሚደርስ የካርበን ክር ነው። የሰው ፀጉር ወደ 80,000 ናኖሜትር ስለሚወፍር፣ በአንዲት ፀጉር ስፋት ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ክር ጎን ለጎን ይደረደራል። ለአውሮፕላን አካል የሚውለው የተለመደው ካርበን ፋይበር ከዚህ በብዙ እጥፍ ይወፍራል።

ስሙ አዲስ ይምሰል እንጂ ነገሩ የቆየ ነው። ሂዩዝና ቻምበርስ የተባሉ ሰዎች ከጋዝ የካርበን ክር የማብቀል ዘዴን በአሜሪካ በፈጠራ ባለቤትነት ያስመዘገቡት በ1889 እ.ኤ.አ. ነው። ክሩን በቅርበት ለማየት ግን ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ መጠበቅ ነበረበት፤ ራዱሽኬቪችና ሉክያኖቪች የተባሉ የሶቪየት ሳይንቲስቶች ምስሉን ያሳተሙት በ1952 ነው።

የጋዙ ዘዴ ዛሬም ይሠራበታል፦ ሚቴን ወይም አሴቲሊን በጋለ የብረት ወይም የኒኬል ብናኝ ላይ ሲያልፍ ይፈርስና ካርበኑ እንደ ፀጉር ይበቅላል። ሌላው ዘዴ፣ ኤሌክትሮስፒኒንግ፣ ጥጥ ሲፈተል ላየ ሰው አይከብድም። ፖሊአክሪሎናይትራይል የተባለ ፕላስቲክ ይሟሟና በሲሪንጅ ይሞላል፤ መርፌው ላይ ከ10 እስከ 30 ሺህ ቮልት ይለቀቃል። ጫፉ ላይ የተንጠለጠለችው ጠብታ ትሾልና ክር ታፈልቃለች፤ ክሩ አየር ላይ እየተወራጨና እየቀጠነ ሄዶ አንድ ስንዝር ያህል ራቅ ብሎ በተቀመጠ ብረት ላይ ነጭ ስስ ጨርቅ ሆኖ ይከመራል። የእንዝርቱን ሥራ የሚሠራው ኤሌክትሪኩ ነው። ጨርቁ መጀመሪያ አየር ባለበት ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቆያል፤ ይህ ካልተደረገ ኋላ ሲከስል ይቀልጣል። ቀጥሎ በናይትሮጅን ውስጥ ከ800 ዲግሪ በላይ ይከስላል። ከሰል አክሳይ እንጨቱን በአፈር የሚያፍነውም ለዚሁ ነው፤ አየር እንደልቡ ከገባ የሚተርፈው አመድ ነው።

ክሩን ለሴንሰር፣ ማለትም አንድን ነገር ለይቶ በኤሌክትሪክ ምልክት ለሚያሳውቅ መሣሪያ፣ ተፈላጊ ያደረገው፣ በእኔ ግምት፣ ጉድለት የሚመስለው ነገር ነው። የካርበን ናኖቲዩብ፣ ማለትም እንደ ቱቦ የተጠቀለለው የካርበን ዘመድ፣ ግድግዳው ልሙጥ ነው። ከጋዝ የበቀለው ናኖፋይበር ግን አብዛኛውን ጊዜ ስኒ በስኒ ላይ እንደተደራረበ ነው፤ የየስኒው ከንፈር ወደ ውጭ ይታያል። ጠርዝ ላይ ያሉት አቶሞች ኤሌክትሮን ለመቀበልና ለመስጠት ፈጣኖች ናቸው፤ ኤንዛይምም (የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን) በቀላሉ ይጣበቅባቸዋል። በስኳር መለኪያ ላይ ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የተባለው ኤንዛይም ግሉኮሱን ሲነካ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይወጣል፤ ክሩ ያንን ወደ ኤሌክትሪክ ጅረት ይለውጠዋል። በአንጎል ውስጥ መልእክት የሚያስተላልፈው ኬሚካል፣ ዶፓሚን፣ ሲለካ ችግሩ ሌላ ነው፦ ቫይታሚን ሲና ዩሪክ አሲድ በተቀራራቢ ቮልቴጅ ምልክት ስለሚሰጡ በተራ የካርበን ኤሌክትሮድ (ምልክቱን የሚቀበለው የመለኪያው ጫፍ) ላይ የሦስቱ ድምፅ ይደባለቃል። የናኖፋይበር ኤሌክትሮድ ለየብቻ ሊያወጣቸው ይችላል።

ኬሚካል የማይነካው ሥራም አለው። ሲሚንቶ ውስጥ ሲደባለቅ ኮንክሪቱ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ጭነት ሲበዛበት ወይም ሲሰነጠቅ የክሮቹ ንክኪ ስለሚለወጥ ሬዚስታንሱም፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚገታበት መጠን፣ አብሮ ይለወጣል። ክሮቹ ተጓጉለው ከቀሩ ግን ንባቡ አይታመንም፤ አበሳው ያለው ማደባለቁ ላይ ነው።

ኮንክሪት ውስጥ የታሰረ ክር አያስፈራም፤ የሚያሰጋው ፋብሪካ ውስጥ የሚቦነው ዱቄት ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም በ2013 ባወጣው ምክር ሠራተኛ የሚተነፍሰው መጠን በ8 ሰዓት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ1 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ አሳስቧል።