«በሰላም ካረፈ ሌላ ምን ይፈልጋሉ?»

ሐዋሳ ሐይቁ ዳር ቡና እየጠጣን ነጎድጓድ አጉረመረመ። አጠገቤ ያለው ሰውዬ ብስጭቱ ተቀሰቀሰ። «ባለፈው አውሮፕላኑን መብረቅ ነክቶታል ብለው ሦስት ሰዓት አስቀመጡን። በሰላም ካረፈ ሌላ ምን ይፈልጋሉ?» ዕድሜዬን የአውሮፕላን ቆርቆሮ ስጠግን ነው የኖርኩት። ይቺን ነገር ስሰማ ቡናው ይጎመዝዘኛል።

በዚህ ነገር የሚወሩትን ጥቃቅን ወሬዎች ቶሎ ልለፋቸው። መብረቅ የመታው አውሮፕላን ይወድቃል? አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን በአማካይ በዓመት አንዴ ገደማ ይመታል፤ ስንቱ ወደቀ? ጎማው ላስቲክ ስለሆነ ነው የሚተርፈው? ሰማይ ላይ እኮ ጎማው ታጥፎ ገብቷል! ክንፉ ጫፍ ላይ የሚታዩት ቀጫጭን ዘንጎችም መብረቅ አይከላከሉም። ሬዲዮው እንዳይንጫጫ በፍትጊያ አካሉ ላይ የተጠራቀመ የኤሌክትሪክ ሙል (ስታቲክ) ያራግፋሉ፣ በቃ።

ወደ ሰውዬው ልመለስ። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ በደንብ ያሳልፋል። መብረቁ በውጪው ቆርቆሮ ላይ አልፎ ይወጣል፣ ውስጥ ያለውን ሰው አይነካም። ግን በገባበትና በወጣበት ቦታ ብረቱን ያቀልጠዋል። አውሮፕላኑም ቆሞ አይጠብቀውም። ወደፊት ሲሮጥ መብረቁ የሚያርፍበት ቦታ ወደኋላ እየዘለለ፣ እንደ ስፌት የተደረደረ ጠባሳ ይተዋል። ቀለም የወፈረበት ቦታ ሲደርስ ደግሞ መዝለሉ ያስቸግረዋል፤ እዚያው ቆይቶ ጠልቆ ያቃጥላል።

አንድ ሌሊት አፍንጫው ሥር የምስር ፍሬ የምታክል ጠባሳ አገኘን። አብሮኝ የነበረው ልጅ «ጋሼ፣ ተገኘ፣ እንፈርምና እንሂድ» አለኝ።

«የገባበትን ነው ያገኘኸው። የወጣበትስ?»

በባትሪ እያበራን፣ ቆርቆሮውን የሚያያይዙትን ምስማሮች ሪቬት በሪቬት እያየን ሄድን። የአንዱ ራስ ጠቁሯል፣ የሌላው ግማሹ ቀልጧል። መውጫውን ያገኘነው መሰላል ጎትተን ጅራቱ ላይ ስንወጣ ነው፤ ጫፉ አይጥ የቆረጠመው ይመስላል። ተንቀሳቃሹን ክፍል ከዋናው አካል ጋር የሚያገናኘው ጉንጉን ሽቦም ተቃጥሎ ተበጥሷል። እሱ ሳይቀየር ቢበር ቀጣዩ መብረቅ በማጠፊያው በኩል ነበር የሚያልፈው። ከታች ቆሞ ለሚያየው ግን አውሮፕላኑ ሙሽራ ነበር። ስለዚህ ወንድሜ፣ «ፍተሻ ላይ ነው» ሲሉህ ጠረጴዛ አትደብድብ። ሂድና ምሳህን ብላ።

ሰውዬው ግን አልተረታም። «ታዲያ ብረት ያልሆነ ነገር ለምን አይሠሩትም?»

ሠርተዋል። ቦይንግ 787 በክብደት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ፋይበር የሚሉት ቀጭን የካርቦን ክር የተቀላቀለበት ፕላስቲክ ነው። ካርቦኑ እንደ አሉሚኒየም ስለማያሳልፍ ምን አደረጉ? ስስ የብረት መረብ ቀበሩበት!

ሳቀ። የቡናውን እሱ ከፈለ።