«ፓክ ዘ ካ ኢን ሃቫድ ያድ»፦ የቦስተን ሰው «ር»ን የት ጣላት?

አሜሪካ ውስጥ የቦስተንን ሰው መተረብ የፈለገ ሁሉ አፉ ላይ ቶሎ የምትመጣለት ይህች አባባል ናት። «መኪናውን ሃርቫርድ ያርድ ውስጥ አቁም» ማለት ነው። ግን መኪና ለማቆም ብሎ የሚናገራት የለም። እንዲያውም ሃርቫርድ ያርድ ዛፍና ሣር ያለበት የዩኒቨርሲቲው ጥንታዊ ግቢ ነው። እዚያ አቁም ያለህ ሰው ወይ እየቀለደ ነው፣ ወይ ሊያስቀጣህ ፈልጓል።

ተረቡ ያለው ድምፁ ላይ ነው። ፓርክ፣ ካር፣ ሃርቫርድ፣ ያርድ፦ አምስት «ር» አለ። ተራቢው አምስቱንም ይውጣቸውና «አ»ዋን ወደ አፉ ፊት ገፍቶ ይለጥጣታል፦ «ካአ»። «ር»ን ባገኘናት ቦታ ሁሉ ለምናነብ ለእኛ ይህ ጉድ ነው።

ነገሩ የመጣው ከእንግሊዝ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለንደንና አካባቢዋ ከአናባቢ በኋላ የምትመጣውን «ር» መዋጥ ጀመሩ። ቦስተን፣ ኒውዮርክና ቻርልስተን ከእንግሊዝ ጋር የጠበቀ ግንኙነት የነበራቸው ወደቦች ስለሆኑ ፋሽኑን ተቀበሉ። ፊላደልፊያም ወደብ ናት፤ እሷ ግን «ር»ዋን አልለቀቀችም። ያኔ «ር»ን መዋጥ የጨዋ አነጋገር ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። እ.ኤ.አ. በ1962 ዊልያም ላቦቭ የተባለው የቋንቋ ተመራማሪ ኒውዮርክ ውስጥ ሦስት ትልልቅ መደብሮች ገብቶ ሻጮቹን «ፎርዝ ፍሎር» (አራተኛ ፎቅ) አስባላቸው። ውዱ መደብር ውስጥ «ር» በዛች፣ ርካሹ ውስጥ አነሰች።

እኔን ደስ የሚለኝ ግን ተረቡ ራሱ መሳሳቱ ነው። የቦስተን ሰው «ር»ን የሚውጣት ተነባቢ ስትከተላት ወይም ንግግሩ እዚያው ሲያበቃ ነው። ቀጣዩ ቃል በአናባቢ ከጀመረ ትመለሳለች። ስለዚህ ከ«ኢን» በፊት «ካ» አይልም፣ «ካር ኢን» ነው የሚለው። ተራቢው አንዷን «ር» ያለ ጥፋቷ ነው የዋጣት።

ይባስ ብሎ የቦስተን ሰው በጽሑፍ የሌለችውንም «ር» ይጨምራል። «አይዲያ ኢዝ» የሚለው «አይዲያር ኢዝ» ይሆናል። ቦስተን አጠገብ ብሩክላይን የተወለዱት፣ ሃርቫርድም የተማሩት ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በዚህ ይታወቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1962 በኩባ የሚሳይል ቀውስ ዓለም ትንፋሹን ውጦ ሲያዳምጣቸው፣ «ኪዩባ»ን «ኪዩበር» እያሉ ነበር የሚጠሯት።