ሱፐርዳርን፦ ከዋልታ ሰማይ የሚመለስ የገደል ማሚቶ

ሱፐርዳርን በሰሜንና በደቡብ የምድር ክፍሎች የተተከሉ ከ30 የሚበልጡ ራዳሮች መረብ ነው። ሥራው አዮኖስፌርን መከታተል ነው። አዮኖስፌር የፀሐይ ጨረር ከአየሩ ኤሌክትሮን እየነጠቀ ፕላዝማ የሚያደርግበት የላይኛው የሰማይ ክፍል ነው።

ዋልታ አካባቢ ይህ ፕላዝማ ዕረፍት የለውም። የፀሐይ ነፋስ፣ ማለትም ከፀሐይ የሚፈልቀው የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች ጎርፍ፣ የመሬትን መግነጢሳዊ መስክ ሲጎነትል፣ ፕላዝማው በሰከንድ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር፣ አንዳንዴም ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ይነጉዳል። ወፍራሙና ስሱ ፕላዝማ ሲገፋፉ ነውጥ ይነሳል። ትልቁ ነውጥ ትንሹን እየወለደ፣ ከብዙ ኪሎ ሜትር እስከ ጥቂት ሜትር ይወርዳል። የጂፒኤስ ምልክትን የሚያንቀጠቅጠውም ይኸው ነው።

ራዳሩ ታዲያ ሁሉንም አያይም። ነውጡን እንደ ቀሚስ ሽንሽን አስቡት። ማሚቶ የሚመልሰው በሽንሽኖቹ መካከል ያለው ርቀት የራዳሩን የሞገድ ርዝመት ግማሽ ሲሆን ብቻ ነው። 10 ሜጋ ኸርዝ ላይ የሞገዱ ርዝመት 30 ሜትር ነው፤ የሚታየው እንግዲህ የ15 ሜትሩ ሽንሽን ነው።

ሌላም ጣጣ አለ። ሽንሽኖቹ የተዘረጉት በመሬት መግነጢሳዊ መስክ መስመሮች አቅጣጫ ነው። የራዳሩ ጨረር በ90 ዲግሪ ካልመታቸው ወደ መጣበት አይመለስም። ዋልታ ላይ ደግሞ መስመሮቹ ቀጥ ብለው ሊቆሙ ምንም አልቀራቸውም። ሽቅብ የተተኮሰ ቀጥተኛ ጨረር ከፍታ ላይ ያንን ማዕዘን ከየት ያምጣው? መላው የተገኘው ከአጭር ሞገድ ነው፤ ያው የአሜሪካ ድምፅን በአማርኛ ስንሰማበት የኖርነው። ከ8 እስከ 20 ሜጋ ኸርዝ ያለውን ሞገድ አዮኖስፌሩ ራሱ ያጎብጥና ማዕዘኑን ያስተካክልለታል። ብልሃቱ ደስ ይላል፤ የሚጠናው ነገር ራሱ ለጥናቱ መነጽር ሆነ።

የመጀመሪያው ራዳር በእ.ኤ.አ. 1983 ካናዳ ውስጥ ጉዝ ቤይ ላይ ሥራ ጀመረ። ሥራውን የመራው በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲው ሬይ ግሪንዋልድ ነበር። የተለመደው ራዳር 16 ዋና አንቴናዎች ተደርድረው የሚሠሩበት ነው። በ1 ወይም በ2 ደቂቃ ሰፊ ሰማይ ያስሳል። ከማሚቶው የዶፕለር ለውጥ፣ ማለትም ፕላዝማው ሲቀርብ ወይም ሲርቅ በማሚቶው ድግግሞሽ ላይ ከሚታየው ለውጥ፣ የፕላዝማው ፍጥነት ይሰላል። አንድ ራዳር የሚነግረን ግን ወደ እሱ የሚመጣውን ወይም ከእሱ የሚሸሸውን ፍጥነት ብቻ ነው። ሁለት ራዳሮች ከተለያየ ጎን አንድ ቦታ ሲያዩ ነው ትክክለኛው አቅጣጫ የሚወጣው።

የሚያናድደው፣ በብርቱ የፀሐይ ማዕበል ጊዜ የታችኛው አዮኖስፌር ሞገዱን ሊውጠው ይችላል። በጣም በምንፈልገው ሰዓት ማሚቶው ድርግም ይላል። ያኔ እንደ ኢስካት፣ በሰሜን አውሮፓ እንዳለው ሌላ የአዮኖስፌር ጥናት ድርጅት፣ ያሉት ራዳሮች ይጠቅማሉ። ከእ.ኤ.አ. 1996 ጀምሮ በሰሜን ዋልታ አቅራቢያ ባሉት የኖርዌይ ደሴቶች በስቫልባርድ ላይ ያለው የኢስካት ራዳር በ500 ሜጋ ኸርዝ ይሠራል። ይህን ሞገድ የታችኛው አዮኖስፌር አይውጠውም። ነውጥም አይጠብቅም፤ ከኤሌክትሮኖቹ የሚመለሰውን እጅግ ደካማ ማሚቶ በ32 ሜትር ሳህን ይለቅማል።