የቤት እባብ ቆዳ ጉዳቶች፦ እንዴት ይታወቃሉ? ምንስ ይደረግላቸዋል?

በአሜሪካና በአውሮፓ በብዙ ቤቶች እባብ እንደ ውሻና ድመት የቤት እንስሳ ነው። በብዛት የሚያዙት ሁለት ናቸው፦ የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካው ትንሽ ዘንዶ ቦል ፓይተን፣ እና የሰሜን አሜሪካው ኮርን ስኔክ። ሁለቱም መርዝ የላቸውም። እባብ ግን ሲያመው አይጮህም፣ አያነክስም። ሕመሙን የሚናገርለት ቆዳው ነው። ቁስሉን ያመጣው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚኖርበት ሳጥን ነው። ስለዚህ ሳጥኑ ሳይስተካከል ቁስሉን ብቻ ማከም ትርፉ ድካም ነው።

ምርመራው ከሆዱ ቢጀምር ይሻላል። ቃጠሎ የሚደበቀው እዚያ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ ይደነግጣል። ቦል ፓይተን ቆዳውን ሊቀይር ሲል ሆዱ ሮዝ ይላል፣ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ዓይኑም ደፍርሶ ሰማያዊ ግራጫ ይመስላል። ይህ ጤና ነው። ቅላቱ ሆዱ ላይ እኩል ይዳረሳል፤ ቆዳው ሲወልቅም አብሮ ይጠፋል። ቃጠሎ ግን አንድ ቦታ ላይ ይቀላል ወይም ይጠቁራል፣ ውሃም ይቋጥራል። መጀመሪያ ቀላል መስሎ ከቀናት በኋላ ሊብስ ይችላል።

የቃጠሎ ዋና ምክንያት ቴርሞስታት (የሙቀት መቆጣጠሪያ) የሌለው ማሞቂያ ነው። እባብ እየተቃጠለም ቢሆን ከሙቁ ነገር ላይ ላይነሳ ይችላል። ለቦል ፓይተን የሳጥኑ ሞቃት ጎን ከ31 እስከ 33፣ ቀዝቀዝ ያለው ጎን ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን ይስማማዋል።

የአፍንጫ መላላጥም የተለመደ ነው። መደበቂያ ያጣ ወይም ሙቀት የበዛበት እባብ መውጫ ፍለጋ አፍንጫውን ከመስታወቱ ጋር ሲያሽ ያድራል። በሁለቱም ጎን ጠበብ ያለ መደበቂያ ማስገባት ብዙ ጊዜ ያረጋጋዋል። በሕይወት ያለ አይጥ መስጠት ደግሞ እውነተኛ አደጋ ነው። ያልተራበ እባብ አይጡን ዝም ሲለው፣ አይጡ ጀርባውን ይነክሰዋል። በረዶ የሆነውን የሞተ አይጥ አሟሙቶ መስጠት ይህን ያስቀራል። ሳይወልቅ የቀረ ቆዳም በጉልበት አይላጥም። ለብ ባለና ጥልቀት በሌለው ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል አጠገቡ ሆኖ ማራስ ይበቃል። ዓይን ላይ የቀረውን ግን ለሐኪም መተው ነው።

ትንሽ ጭረት ወይም ላይ ላዩን የተላጠ ቦታ ቤት ውስጥ ይታከማል። መጀመሪያ እጅ መታጠብ፣ ከዚያ ቁስሉን በንጹሕ የጨው ውሃ (ሳላይን) ማጠብ። ቀጥሎ ቤታዲን (አዮዲን ያለበት የቁስል ማጽጃ) በውሃ ቀጥኖ፣ ቀጠን ያለ ሻይ መልክ ሲይዝ፣ በንጹሕ ጨርቅ ይቀባል። አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አይሆኑም፤ አዲስ የሚበቅለውን ሥጋ ይጎዳሉ። እንደ ሊዶኬይንና ቤንዞኬይን ያለ ማደንዘዣ ያለበት የሰው ቅባትም እባብን ሊመርዘው ስለሚችል አይነካ። የሳጥኑ ንጣፍ ለጊዜው ወጥቶ ነጭ ሶፍት ይነጠፍ። የእንጨት ፍቅፋቂ ቁስል ላይ ይጣበቃል፤ ነጩ ላይ ግን የደም ጠብታ እንኳ ቶሎ ይታያል። ሥራው ሲያልቅ እጅ በሳሙና ይታጠባል። እባብ ሳልሞኔላ የተባለ ሰውን የሚያሳምም ባክቴሪያ ሊሸከም ስለሚችል ዕቃው ወጥ ቤት ውስጥ አይታጠብም።

የሚፈትነው ትዕግሥቱ ነው። የእባብ ቁስል ቀስ ብሎ ይድናል፤ ብርድ ላይ ደግሞ ይብሳል። ቆዳው በተቀየረ ቁጥር ጠባሳው እየቀነሰ ይሄዳል። ወጣት እባብ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀይር መሻሻሉም ቶሎ ይታያል።

ውሃ የቋጠረ ቃጠሎ፣ ሥጋው የሚታይ ቁስል፣ እብጠትና መጥፎ ሽታ ግን የሐኪም ጉዳይ ናቸው፤ ሐኪሙም የተሳቢ እንስሳትን የሚያውቅ መሆን አለበት። የእባብ መግል ጠጣር ስለሆነ ፈርጦ አይወጣም፤ ሐኪም ቀዶ ያወጣዋል። ሲኬድ የሳጥኑን ሙቀትና እርጥበት ጽፎ፣ የቁስሉንም ፎቶ ይዞ መሄድ ምርመራውን ያቀልላል።